ኢንች ያልሆነው ኢንች

ነገሩ የሚጀምረው ፓሪስ ውስጥ፣ በእርሳስ ፊደል ዘመን ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ የማተሚያ ፊደል መጠን ቁጥር አልነበረውም፤ ስም ነበረው። አንዱ መጠን «ሲሴሮ»፣ ሌላው «ፔቲ ሮማን» ይባላል። ችግሩ ከአንዱ ፊደል አቅላጭ የተገዛው ሲሴሮ ከሌላው ከተገዛው ሲሴሮ ጋር አለመግጠሙ ነበር። ፊደል ለቃሚው ሁለቱን ባንድ መስመር ሲያሰልፍ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይልበታል። ስሙ አንድ፣ ቁመቱ ሁለት።

ፒየር ሲሞን ፉርኒየ የተባለ ወጣት ፊደል ቀራጭ በ1737 ለዚህ መላ ብሎ አንድ ሠንጠረዥ አወጣ (ዘመኑን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እቆጥራለሁ)። እያንዳንዱ መጠን የአንዲት በጣም ትንሽ መለኪያ ብዜት እንዲሆን ወሰነ፤ ይህችም ዛሬ ፖይንት የምንላት ናት። ሰው እንዳይከራከርበት 144 ፖይንት በሁለት ኢንች ላይ ተደርድሮ የሚያሳይ ማመሳከሪያ መስመርም አሳተመ። መስመሩ ግን ሻካራ ስለነበር አንዲቷን ፖይንት ነጥሎ በትክክል ለመለካት አያስችልም። የመጀመሪያው የፊደል መጠን ድንጋጌ ራሱ የደነገገውን መለካት አቃተው ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ወደፊት መልኩን እየቀያየረ ይመለሳል።

በ1780ዎቹ ፍራንስዋ አምብሯዝ ዲዶ መለኪያዋን ከንጉሡ ጫማ ጋር አሰራት። የፈረንሳይ ንጉሥ ጫማ ሕጋዊ የርዝመት ልክ ስለነበረ የዚያ ጫማ ኢንች 72ኛ እጅ አንድ ፖይንት ሆነ፤ ወደ 0.376 ሚሊሜትር ገደማ። ከፉርኒየ ፖይንት ተለቅ ይላል። አብዮቱ ንጉሡንም ጫማውንም ሽሮ ሜትርን ሲያነግሥ የዲዶ ፖይንት ግን በአውሮፓ ማተሚያ ቤቶች ቀረ፤ የተሻረ ንጉሥ እግር በእርሳስ ተቀርጾ መኖር ቀጠለ።

አሜሪካኖቹ በ1886 ተሰበሰቡ። የፊደል አቅላጮቹ ማኅበር የጋራ መለኪያ ሲመርጥ በወረቀት ላይ ያማረውን ሳይሆን ፊላደልፊያ የነበረው ማኬላር፣ ስሚዝስ ኤንድ ጆርዳን የተባለ ትልቅ አቅላጭ ቤት ሲሠራበት የቆየውን ተቀበለ። ከዚያ በቁጥር ለማሰር 83 ፓይካ 35 ሴንቲሜትር ይሁን ተባለ። አንድ ፓይካ 12 ፖይንት ነውና ብታሰሉት 72 ፖይንት አንድ ኢንች አይሞላም፤ 0.996 ኢንች ላይ ይቆማል። ልዩነቷ የፀጉር ውፍረት ያህል ናት። ለማተሚያ ቤት ሠራተኛ ምኑም አይደለችም። ለሂሳብ ሰው ግን ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር ናት።

ያ የሂሳብ ሰው የመጣው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ዶናልድ ክኑት ቴክ የተባለውን የመጽሐፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ሲጽፍ የጥንቱን አሜሪካዊ ፖይንት አክብሮ አንድ ኢንች 72.27 ፖይንት ነው አለ። ትክክለኛ ነበር፤ ግን በቃል የሚያዝ አይደለም። አዶቤ በ1984 ፖስትስክሪፕት የተባለውን የማተሚያ ቋንቋ ሲያወጣ ነገሩን ባንድ ምት ቆረጠው፤ 72 ፖይንት ልክ አንድ ኢንች ይሁን። መቶ ዓመት ያህል የቆየው ትርፍራፊ ተጠርጎ ወጣ። ክኑትም የአዶቤዋን ፖይንት ከራሱ ትንሽ የምትበልጥ ስለሆነች «ትልቋ ፖይንት» ብሎ ለብቻ መዝግቧታል። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ፖይንት ስንል የአዶቤዋን ማለታችን ነው፤ ብዙ ሰው ሌላ መኖሩንም አያውቅም።

እስከዚህ ድረስ የተለካው ወረቀት ነው። ወረቀት አይዋሽም፤ ማስመሪያ ያስቀምጡበታል፣ ያነቡታል። ሳንካው የገባው ከስክሪን ጋር ነው።

በዚያው 1984 የወጣው ማኪንቶሽ በአንድ ኢንች 72 ነጥብ የሚያበራ ስክሪን ነበረው። ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው፤ አንድ ፖይንት አንድ የስክሪን ነጥብ፣ ማለትም አንድ ፒክስል ሆነ። 12 ፖይንት ብለው የጻፉት በስክሪኑም በወረቀቱም ያው 12 ነው። የማይክሮሶፍት ሰዎች ግን ሌላ ነገር አዩ። ሰው ስክሪንን የሚያነበው ከወረቀት ራቅ ብሎ ነው። በዚያ ላይ 10 ፖይንት ፊደል በ10 ፒክስል ብቻ ሲሳል ይጨፈለቃል። ስለዚህ ሁሉን ነገር በሲሶ አሳደጉት፤ 72 ሲደመር 24፣ 96። ዊንዶውስ ስክሪኑ ምንም ይሁን ምን በአንድ ኢንች 96 ፒክስል አለ ብሎ ያስብ ነበር። እውነተኛ ኢንች አይደለም፤ የታሰበ ኢንች ነው። ውጤቱ 12 ፖይንት በማክ 12 ፒክስል፣ በዊንዶውስ 16 ፒክስል ሆነ።

ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ችግር የሚሆነው አንድ ጽሑፍ በሁለቱም ላይ መነበብ ሲኖርበት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መጣ፤ ድረ ገጽ።

የመጀመሪያዎቹ ድረ ገጾች የፊደል መጠን የሚያዙበት መንገድ አልነበራቸውም። ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው ይላሉ፤ ቀሪውን ብሮውዘሩ ይወስናል። ጸሐፊዎች አልወደዱትም። ኔትስኬፕ የተባለው ብሮውዘር ከ1 እስከ 7 የሚደርስ የፊደል መጠን ቁጥር ጨመረላቸው፤ 3 ማለት የተለመደው መጠን ነው። 3 ስንት ፒክስል ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ የደነገገም የለም። ይህች መሀል ያልሆነች 3 በኋላ የምታመጣውን መከራ እናያለን።

በጥቅምት 10 ቀን 1994 ሆኮን ቪየም ሊ የተባለ ኖርዌያዊ፣ ጄኔቭ አጠገብ ባለው በሰርን ቤተ ሙከራ ሳለ፣ የድረ ገጽ መልክ የሚታዘዝበትን የሲኤስኤስን የመጀመሪያ ሐሳብ አቀረበ። ያቺ ረቂቅ ዛሬ ስትነበብ ታስደንቃለች። ጸሐፊው ርእሴ 24 ፖይንት ይሁን ሲል አጠገቡ በመቶኛ የድምፁን ክብደት ይጽፋል። መቶ በመቶ ካለ ውሳኔው የሱ ብቻ ነው፤ 40 በመቶ ካለ ቀሪውን 60 ለአንባቢው ይተውለታል። ብሮውዘሩ የሁለቱን ፍላጎት አደባልቆ መጠኑን ያወጣል ተብሎ ነው። ሐሳቡ እንደ እድር ሸንጎ ሁሉን የሚያሰማ ነው፤ ግን ጸሐፊው 24፣ አንባቢው 12 ቢል በመጨረሻ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ስንት እንደሆነ ሁለቱም አስቀድመው አያውቁትም። መቶኛው ብዙም ሳይቆይ ተጣለ። ሊ ከሆላንዳዊው በርት ቦስ ጋር ሆኖ ሥራውን ቀጠለ፤ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሰርቲየምም የመጀመሪያውን ሲኤስኤስ ታኅሣሥ 17 ቀን 1996 አጸደቀ።

በዚህ ሰነድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ እዚህ ተዘርቷልና።

ሰነዱ መጠን የሚነገርበትን ብዙ ዓይነት መንገድ ፈቀደ። ኢንች፣ ሴንቲሜትር፣ ሚሊሜትር፣ ፖይንትና ፓይካ አሉ፤ እነዚህ እውነተኛ ርዝመት ናቸው ተባለ። ፖይንት የአዶቤዋ ናት፣ የኢንች 72ኛ። ኤም አለ፤ አሁን ካለው የፊደል መጠን ጋር የሚወዳደር። ፒክስል አለ። ከ«እጅግ እጅግ ትንሽ» እስከ «እጅግ እጅግ ትልቅ» የሚደርሱ ሰባት ቃላትም አሉ፤ አራተኛውና መሀለኛው «መካከለኛ» ይባላል።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ የተደከመበት ፒክስል ነው። ጸሐፊዎቹ ፒክስል የስክሪን ነጥብ ነው ብለው ማለፍ አልፈለጉም፤ ሌዘር ማተሚያ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ስላለው 12 ፒክስል ፊደል እዚያ ላይ ከጉንዳን እግር ያንሳል። ስለዚህ ፒክስልን በዓይን ማዕዘን ፈቱት፤ በኢንች 90 ነጥብ ባለው ስክሪን ላይ ያለች አንዲት ነጥብ፣ አንባቢው በክንዱ ርዝመት ርቆ ሲያያት የምትይዘው ማዕዘን። መርካቶ ጨርቅ በክንድ የገዛ ሰው እዚህ ጋ ምን እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ፤ በማን ክንድ? ሰነዱ ይህንንም አልረሳም። ክንድ ማለት 28 ኢንች ይሁን፣ ማዕዘኑም 0.0227 ዲግሪ ይሁን ብሏል።

ይህ ድንቅ ትርጉም ነው። ቴሌቪዥንን ከሩቅ፣ ወረቀትን ከቅርብ የሚያይን ሰው ባንድ ሕግ ያስተናግዳል። የ1998ቱ ሁለተኛ እትም ስሌቱን እንኳ ሠርቶ አሳይቷል፤ በክንድ ርቀት አንድ ፒክስል 0.28 ሚሊሜትር፣ 55 ሴንቲሜትር ላይ ለሚነበብ ወረቀት ደግሞ 0.21 ሚሊሜትር። ብሮውዘር ሠሪዎቹ ግን ግራ ገባቸው፤ ኮምፒውተሩ አንባቢው ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ከየት ያውቃል? ስክሪኑ ስንት ኢንች እንደሆነስ? አብዛኛው የዚያ ዘመን ስክሪን ስፋቱን ለኮምፒውተሩ በአስተማማኝ ሁኔታ አይነግርም ነበር። እናም አንድ ፒክስል አንዲት የስክሪን ነጥብ ናት ብለው ሠሩ። ኢንችም በማክ 72 ነጥብ፣ በዊንዶውስ 96 ነጥብ ሆነ። መግለጫው እንከን የለሽ ነበር፤ ሊፈጽመው የሚችል ግን አልነበረም።

የባሰም አለ። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3ን ያወጣው ነሐሴ 1996 ነው፤ ሰነዱ ከመጽደቁ አራት ወር ቀድሞ። ያ ብሮውዘር ኤምን እንደ ፒክስል ይቆጥር ነበር። ርእሱን በ2 ኤም፣ ማለትም በተለመደው እጥፍ የጻፈ ሰው 2 ፒክስል የሆነች ትቢያ ያገኛል። ስለዚህ ጥንቁቅ የነበሩት ዲዛይነሮች፣ መግለጫው የሚያበረታታውን አንጻራዊ መለኪያ የተጠቀሙት፣ ቀድመው ተቀጡ። ብዙዎቹ ወደ ኤም ለመመለስ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

ሰባቱ ቃላትስ? የ1996ቱ ሰነድ በአንዱና በሚቀጥለው መሀል ያለው እርከን 1.5 ቢሆን ይመከራል ብሎ ነበር። መካከለኛው 16 ፒክስል ከሆነ ቀጣዩ 24፣ ከዚያ 36፣ ከዚያ 54 ይሆናል። ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ 10.7፣ 7.1፣ መጨረሻው 4.7። በ4.7 ፒክስል የተጻፈ ፊደል ፊደል አይደለም፤ አቧራ ነው። ሁለተኛው እትም ልምድ ያሳየውን ተቀብሎ እርከኑን ወደ 1.2 አወረደው። ከዚያም በኋላ የመጣው እትም 1.2ም ለትንንሾቹ አልሆነም ብሎ እንደየእርከኑ የሚለያይ ሠንጠረዥ አበጀ። ሦስት ጊዜ ተቆርጦ የተሰፋ ልብስ ነው። የሚገርመው፣ መካከለኛው ራሱ ስንት ፒክስል እንደሆነ መግለጫው አያዝዝም፤ ለብሮውዘሩና ለተጠቃሚው ምርጫ ይተወዋል። ዛሬ ሁሉ ሰው እንደ ዳዊት በቃሉ የያዛት 16 ፒክስል ሕግ ሆና አታውቅም፤ ከዊንዶውስ 12 ፖይንት የወረደች ልማድ ናት።

አሁን ወደዚያች 3 እንመለስ። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ከ1 እስከ 7 የሚሄዱ ሰባት መጠኖች አሉት፣ የተለመደው ሦስተኛው ነው። ሲኤስኤስ ሰባት ቃላት አሉት፣ የተለመደው አራተኛው ነው። ሰባትና ሰባት ሲታዩ ይጋባሉ! የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሠሪዎች አንደኛውን ካንደኛው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው እያገናኙ ሄዱ። በዚህ ሂሳብ «ትንሽ» የተባለው ቃል ከ3 ጋር ተጋብቶ የተለመደው መጠን ሆነ፤ «መካከለኛ» ደግሞ አንድ እርከን ዘሎ ተለቀ። በ4ኛውና በ5ኛው እትም ላይ «ትንሽ» ብሎ የጻፈ ዲዛይነር መደበኛ ፊደል ያገኛል፣ በኔትስኬፕ ላይ ግን ትንሽ ያገኛል። ጥፋቱ የማን ነው? ሠሪዎቹ መግለጫውን በደንብ አላነበቡም ማለት ይቻላል። እኔ ግን መግለጫውንም ሙሉ በሙሉ ነጻ አላወጣውም። ነባሩ ቤት ሰባት በር እንዳለው እያወቁ ሰባት በር ያለው ሌላ ቤት አጠገቡ ሠርቶ ዋናውን መግቢያ ወደ ጎን ማዛወር ስህተትን መጋበዝ ነው።

ዲዛይነሮቹ በበኩላቸው ተንኮል ተማሩ። ለዊንዶውሱ ኤክስፕሎረር የተሳሳተውን መጠን ይጽፉለታል፤ ከዚያ እሱ የማይገባውን ቅርጽ ያላት አንዲት መስመር ጣል አድርገው፣ እሷን ተሻግረው ማንበብ ለሚችሉት ብሮውዘሮች ትክክለኛውን መጠን ያስቀምጣሉ። በዚህ የሚታወቀውን ብልሃት ያወጣው ታንቴክ ቼሊክ ራሱ የማይክሮሶፍት ሰው ነበር፤ የማኩን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ሞተር የመራውም እሱ ነው።

ያ የማክ ብሮውዘር መጋቢት 2000 ሲወጣ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው ዲዛይነሩ ቶድ ፋርነር በ1998 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ ብሮውዘሩ የገጹን የመጀመሪያ መስመር አይቶ ገጹ በአዲሱ ደንብ የተጻፈ ከሆነ ደንቡን ይጠብቃል፣ የድሮ ከሆነ የድሮውን ስህተት ሆን ብሎ ይሳሳትለታል። ሁለተኛው ለጽሑፋችን የሚቀርበው ነው፤ ማኩ የራሱን 72 ትቶ የተለመደውን ፊደል 16 ፒክስል፣ ኢንቹንም 96 አደረገ። ስክሪንና ወረቀት እንዲገጥሙ ሲል የተፈጠረው ኮምፒውተር ለተፎካካሪው ልማድ እጁን ሰጠ። የማክ ወዳጆች አጉረመረሙ፤ ገጾቹ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለቱም ላይ ተመሳሰሉ።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት የፒክስል ዘመን ነበሩ። ዲዛይነር የሚፈልገው ፊደሉ በሁሉም ዘንድ አንድ ሆኖ መታየቱን ነው፤ ፒክስል ይህን ሰጠው። 11 ፒክስል፣ አንዳንዴም 9። ዋጋውን የከፈለው አንባቢው ነው፤ በዊንዶውሱ ኤክስፕሎረር «የጽሑፍ መጠን» የሚለው ምርጫ በፒክስል የተጻፈን ፊደል አይነካውም ነበር። ዓይኑ የደከመ ሰው ምርጫውን ከፍ ቢያደርግ ዝቅ ቢያደርግ ገጹ ያው ነው። ሰው ስክሪኑ ላይ አፍንጫውን አስጠግቶ ያነብ ነበር። ኤክስፕሎረር ላይ ገጹን ሙሉ በሙሉ ማጉላት የመጣው በ2006፣ በ7ኛው እትም ነው።

ኤምን የያዙትም አልቀለላቸውም። ኤም ለፊደል መጠን ሲውል የሚለካው ከወላጁ፣ ማለትም በውስጡ ከያዘው ክፍል፣ አንጻር ነው፤ ይህ በሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። 0.8 ኤም የተባለ ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ፣ እሱም በሌላ ዝርዝር ውስጥ ከገባ 16 ፒክስሉ መጀመሪያ 12.8፣ ከዚያ 10.2፣ ከዚያ 8.2 ይሆናል። ግልጽ ደንብ ነው፤ ቢሆንም ሦስተኛው እርከን ላይ የደረሰ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ያበደ ይመስለዋል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሩተር በ2004 ለስሌቱ ማቅለያ 62.5 በመቶን አስተማረ። የ16 62.5 በመቶ 10 ነው፤ ከዚያ 1.2 ኤም ማለት 12 ፒክስል፣ 1.4 ማለት 14። በዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ገጽ በዚህች ቁጥር ይጀምር ነበር! ዘዴው የቆመው ማንም ባልደነገጋት 16 ላይ መሆኑን ያስታወሰ ጥቂት ነው። ከወላጅ ሳይሆን ከገጹ ሥር የሚለካው ሬም በብሮውዘሮች ውስጥ እስኪስፋፋ ድረስ ሌላ አምስት ስድስት ዓመት ቆየ።

በታኅሣሥ 2008 ኮንሰርቲየሙ የተደራሽነት መመሪያውን ሁለተኛ እትም ሲያወጣ ጽሑፍ እስከ 200 በመቶ ማደግ መቻል አለበት አለ። ትልቅ ፊደል የሚባለውንም በፖይንት ቆጠረው፤ 18፣ ወይም ደመቅ ያለ ከሆነ 14። በኋላ የመመሪያው ማብራሪያ አንድ ፖይንት 1.333 ፒክስል ስለሆነ 14 ፖይንት ወደ 18.5 ፒክስል ገደማ ነው አለ። አስሉት፤ 18.67 ነው የሚወጣው። «ገደማ» የምትለው ቃል ብዙ ትሸከማለች። ፊደሉ 18.6 ፒክስል የሆነ ሰው መስፈርቱን አሟልቷል ወይስ አላሟላም? ቀላል ነገር ይመስላል፤ በእንዲህ ያለ ሰነድ ግን ፍርድ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው አለ።

እዚህ ላይ ግን ያቺን 1.333 ልብ በሉ። አንድ ፖይንት 1.333 ፒክስል ነው የሚባለው ኢንች 96 ፒክስል ከሆነ ብቻ ነው። በ1996ቱም በ1998ቱም መግለጫ በፖይንትና በፒክስል መሀል እንዲህ ያለ ቋሚ ዝምድና አልነበረም። ሰው ሁሉ ግን እንዳለ ቆጥሮ ይሠራ ነበር።

ስልኮቹ መጡ። የ2007ቱ አይፎን በኢንች 163 ነጥብ ነበረው። የሰኔ 2010ሩ አይፎን 4 በዚያው ስፋት ላይ ይህን አጥፎ 326 አደረሰው። አንድ ፒክስል አንዲት የስክሪን ነጥብ ናት የሚለው የቆየ ልማድ ቢቀጥል ኖሮ በአንድ ሌሊት የድሩ ፊደል ሁሉ በግማሽ ያንስ ነበር። አፕል አንዱን የሲኤስኤስ ፒክስል በሁለት በሁለት፣ ባራት ነጥብ ሳለው። ያ የክንድና የማዕዘን ትርጉም፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እምብዛም ሥራ ላይ ያልዋለው፣ በድንገት ትንቢት መሰለ። ፒክስል ነጥብ አይደለም ብለው የጻፉት ሰዎች ልክ ነበሩ።

ኢንች ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። በ2002 ረቂቁ የተጀመረው 2.1 እትም ሰኔ 7 ቀን 2011 ሲጸድቅ መግለጫው ከባድ ውሳኔ ይዞ ወጣ። አንድ ኢንች ሁልጊዜ 96 ፒክስል ነው፤ አንድ ፖይንት የኢንቹ 72ኛ፣ ስለዚህ 1.333 ፒክስል። ማመሳከሪያው ስክሪንም ከ90 ወደ 96 ተቀየረ፣ ማዕዘኑም 0.0213 ዲግሪ ሆነ። በማተሚያ ላይ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው ኢንች ጋር ይታሰር፤ በስክሪን ላይ ግን ከፒክስሉ ጋር፣ ኢንቹም ፒክስሉን ይከተል። ምክንያቱን ሰነዱ አልደበቀም፤ እጅግ ብዙ ገጽ 96ን አምኖ ተጽፏል፣ ያ እምነት ከተሰበረ ገጾቹም ይሰበራሉ።

ለዚህ ውሳኔ ዛሬም የሚንገበገቡ አሉ። ማስመሪያ ወስዳችሁ ሞክሩት። በአይፎን 4 ላይ አንድ ኢንች ስፋት ያለው ሳጥን ብታዙ 96 ፒክስል ይሳላል፣ ያም 192 የስክሪን ነጥብ ነው፤ ለ326 ሲካፈል 0.59 ኢንች፣ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ብቻ። የአዳራሽ ፕሮጀክተር ላይ ደግሞ ያው ኢንች ከክንድ ሊረዝም ይችላል። ኮዱም አልተሳሳተም፣ ስልኩም አልተበላሸም፤ መግለጫው ኢንች ነው ያለው ይህን ነው። እውነተኛውን ሚሊሜትር የፈለጉ ነበሩ፤ ሞዚላ ለፋየርፎክስ የራሱን «ሞዝ ሚሊሜትር» እስከማበጀት ደርሶ ነበር። ተጠቃሚ ስላጣ በኋላ አነሣው።

እኔ ከውሳኔው ጋር ነኝ። የቀድሞው ኢንች በመጽሐፍ ብቻ ትክክለኛ ነበር፤ በየኮምፒውተሩ ሌላ ሌላ ነገር ይሆናል፣ ስንት እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። አዲሱ ማስመሪያን ይዋሻል፣ ግን ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ውሸት ይዋሻል። ዲዛይነር 18 ፖይንት ሲል 24 ፒክስል እንደሚያገኝ ያውቃል። ሰው ሁሉ ሳይደነገግ የተመካበት 1.333ም ሕጋዊ አባት አገኘ። ስሙን ኢንች ከማለት ሌላ ስም ቢያወጡለት ግን ባልጠላሁ።

አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ ሳይዘጋ ቀርቷል። 16 ፒክስል ስንል የምንለካው ምኑን ነው? የ«ሀ»ን ቁመት? አይደለም። በእርሳስ ዘመን የሚለካው ፊደሉ የተቀረጸበት የብረቱ ጡብ ቁመት ነበር፤ ጡቡ ዛሬ የለም፤ የቀረው በሐሳብ ያለ አራት ማዕዘን ነው፣ ፊደሉም በውስጡ እንደ ቀራጩ ፈቃድ ተለቅ ወይም አነስ ብሎ ይቀመጣል። የ1998ቱ ሰነድ በምሳሌ አሳይቶታል፤ ቬርዳና በ100 መጠን ሲጻፍ የትንሿ ኤክስ ቁመት 58 ነው፣ ታይምስ ኒው ሮማን ላይ 46። ቁጥሩ አንድ፣ ዓይን የሚያየው ሁለት። የፓሪሱ ሲሴሮ ከ260 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሰነዱ መጠኑን በኤክስ ቁመት የሚያስተካክል ትእዛዝ አበጅቶ ነበር፤ ብሮውዘሮች ችላ ስላሉት ከ2.1 ወጣ፣ በ2018 በጸደቀው የፎንት ሰነድ ተመልሶ ገባ፣ በዋናዎቹ ብሮውዘሮች ሁሉ ላይ የተሟላው ግን በ2024 ነው።

የኛ ፊደል እዚህ ጋ ይገባል። ግዕዝ በዩኒኮድ የተመዘገበው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጋር ኒያላ የተባለውን ፎንት አመጣ፤ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉ ሌሎች ፎንቶችም አሉ። በአንድ ቁጥር የታዘዙ ሁለት የአማርኛ ፎንቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ሆኖ ሲታይ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ለላቲን የሚበቃው 16 ፒክስል «ጬ»ንና «ዷ»ን ሲስል ቀለበቱና ቅጥያው ይለጣጠፋል። እኔ የአማርኛ ገጽ ስከፍት ጣቴ ሳልነግረው ኮንትሮልና ፕላስ ላይ ይሄዳል።

ማስተካከያው ትእዛዝ እዚህ ብዙም አይረዳም፤ ግዕዝ ትንሽ ፊደልና ትልቅ ፊደል ብሎ ነገር የለውም፣ ኤክስም የለውም። አዲሱ የፎንት ረቂቅ፣ አምስተኛው ደረጃ፣ መለኪያውን አስፍቶ አምስት አድርጎታል፤ የትንሿ ኤክስ ቁመት፣ የትልቅ ፊደል ቁመት፣ የዜሮ አኃዝ ስፋት፣ ለቻይናና ለጃፓን ጽሕፈት ደግሞ የ«ውኃ» ምልክት ስፋትና ቁመት። ከግዕዝ የተወሰደ መለኪያ የለም። በኮንሰርቲየሙ ዘንድ የኢትዮጵያን ጽሕፈት ፍላጎት የሚዘረዝር ረቂቅ ሰነድ አለ፤ ገና ረቂቅ ነው። እስከዚያው የኤክስ ቁመቱ የማይታወቅ ፎንት ሲገጥመው ብሮውዘሩ የሚከተለው የቆየ መመሪያ አለው፤ ማወቅ ካልቻልክ የመጠኑ ግማሽ ነው ብለህ ያዝ። «ሐ» በሦስት እግሩ ቆሞ፣ ግማሽ ተብሎ ይለካል።